ሰውነትህ ገና እየተሠራ ነው

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ባህር ዳር ተኝታለች፤ አንተ ግን ቲክቶክ ላይ ነህ። አንዱ ፈርጣማ ወጣት ደረቱን ነፍቶ ያልፋል፣ ሌላው ይተካል። ከዚያ መስታወት ፊት ትቆምና ክንድህ ቀጥኖ ይታይሃል። ወንድሜ፣ ምንም አልጎደለብህም!

ያ ቪዲዮ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። ልጁ ካሜራ ፊት የሚቆመው ብረት አንስቶ ጡንቻው በደም በተወጠረበት ደቂቃ ነው። መብራቱ ከላይ ስለሚወርድ ጥላው እያንዳንዱን መስመር ያጎላዋል። ከብዙ ቀረጻ አንዱ ተመርጦ፣ በፊልተር ተኳኩሎ ነው አንተ ዘንድ የሚደርሰው። አንዳንዱ ደግሞ ከጀርባው መርፌ አለ። ስቴሮይድ በዕድገት ላይ ያለን ልጅ ቁመት ያለጊዜው ሊገታ፣ የዘር ፍሬውን ሊያኮማትር፣ ልቡን ሊጎዳ ይችላል። «ሞክረው» የሚልህ ማንም ይሁን ማን እምቢ በለው!

ነገሩ በስልክ አልተጀመረም። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሃሪሰን ፖፕና ባልደረቦቹ የወንድ ልጆችን አሻንጉሊቶች ለክተው፣ ጡንቻቸው ከዓመት ዓመት እየገዘፈ መምጣቱን አሳይተዋል። ዛሬ ያ አሻንጉሊት ኪስህ ገብቷል።

አንተ ግን የተሻለ ነገር በእጅህ አለ። የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በከባድ እንቅልፍ ሰዓት ነው። በአንተ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፤ እኩለ ሌሊት ተኝቶ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚነሳ ልጅ ቢያንስ 2 ሰዓት ከራሱ አካል ላይ ይቀንሳል። ለፕሮቲን ዱቄት ብር አታባክን፤ ሽሮውም ባቄላውም፣ ሲገኝም የጣና ዓሣው ሥራቸውን ያውቃሉ።

ከዘጌ ማገዶ ጭነው በደንገል ታንኳ ጣናን የሚያቋርጡትን ቀዛፊዎች ትከሻ ልብ ብለህ አይተኸዋል? ጂም ሳይረግጡ፣ በዓመታት ቀዘፋ ያወጡት ትከሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንተ ዕድሜ ላሉ የሚመክረው በቀን 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ነው። ለሳይክል እንደ ባህር ዳር የሚመች ከተማ ደግሞ የት ይገኛል? በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ብቻውን 380 ሜትር ነው!

ዛሬ ማታ ስልክህን ሳሎን ቻርጅ ላይ ተወውና ሦስት ሰዓት ላይ ተኛ። ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞችህን ቀስቅሳቸው፤ ሳይክል የሌለው በየተራ ይነዳል።