10,631፦ የሠላሳ ዓመት ቀናት



በሒሳብ የሚሠራው የሒጅራ ካላንደር በየ30 ዓመቱ ይዞራል። ከነዚህም 19ኙ ዓመታት 354፣ 11ዱ ደግሞ 355 ቀናት አሏቸው፤ ድምሩ 10,631 ነው። ቁጥሩ ፕራይም ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። እስከ 103 ባሉት ፕራይም ቁጥሮች ሞክሩት። ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዛሬ ጁሙዓ የዋለ ቀን ከ30 ዓመት በኋላ ረቡዕ ይውላል፣ ዙሩ ወደ ጁሙዓ የሚመለሰው በ210 ዓመት ነው።

በዚህ ስሌት ረመዷን ሁልጊዜ 30 ነው። እኔም ይህን አምኜ ቢላ ላለችው እናቴ «ለዒድ እደርሳለሁ» አልኳት። ጨረቃ በ29 ታየች፤ ዒዱ መንገድ ላይ አገኘኝ። ቁጥሩ ለዕቅድ ይረዳል፤ ዒድን የምታበስረው ግን ጨረቃ ናት። ከ29ኛው ቀን በፊት ቤት ግቡ።