ስለ ጠጉር መነቀል መድኃኒትና ስለ ታማኝ ሐኪም

በግቢያችን በቀልድ ብቻ የምናልፈው አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የራስ መመለጥ ነው። ገና በ20 ዓመቱ ጠጉሩ ከግንባሩ ወደ ኋላ የሸሸበት ወጣት ሲሣቅበት አብሮ ይሥቃል፤ ለብቻው ሲሆን ግን መድኃኒት ይፈልጋል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ቢሆንም አንብበን የተረዳነውን ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

አንደኛ፤ መንሥኤውን ማወቅ ይገባል። የጠጉር መነቀል ሁሉ አንድ አይደለም። በወንዶች ዘንድ የተለመደው በዘር የሚወረሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ ዳይሃይድሮቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን የጠጉሩን ሥር እያቀጨጨ ይሄዳል። ቆረቆር ግን በፈንገስ ይመጣል፤ እጅግ ተጠብቆ የሚሠራ ሹሩባም የእህቶቻችንን ጠጉር ከግንባር ዳር ይነቅላል። መንሥኤው ከተለያየ መድኃኒቱም ይለያያል።

ሁለተኛ፤ መድኃኒቶቹን እንመልከት። ሚኖክሲዲል አስቀድሞ ለደም ብዛት የሚዋጥ ክኒን ነበር፤ ጠጉር ማብቀሉ ሲታወቅ ግን ራስ ላይ የሚቀባም ሆነ። ቆዳን ሊያሳክክ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ጠጉርን ይብስ ሊያረግፍ ይችላል። ፊናስተራይድ የተባለው ክኒን በአሜሪካ አገር ለወንዶች ራሰ በራነት የተፈቀደው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ነው። ከላይ የጠቀስነውን ሆርሞን ስለሚቀንስ ብዙዎችን ይረዳል። ነገር ግን በጥቂቶች ላይ የሩካቤን ፍላጎትና ችሎታ ያዳክማል፤ ክኒኑን ካቆሙ በኋላም ችግሩ እንደ ቀጠለባቸው የተናገሩ አሉ። በ2025 ደግሞ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከክኒኑ ጉዳቶች አንዱ መሆኑን አረጋግጧል። እንግዲህ ይህ ከጓደኛ ኪስ ተቀብለው የሚውጡት ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፤ ታማኝ ሐኪም በምን ይታወቃል? ራሳችንን በዓይኑ ሳያይ፣ ስለ ቤተሰባችን፣ ስለምንወስደው ሌላ መድኃኒትና ስለ መንፈሳችን ሁኔታ ሳይጠይቅ አያዝም። ጥቅሙ እስኪታይ ወራት እንደሚፈጅ፣ መድኃኒቱ ሲቆምም ጠጉሩ ተመልሶ እንደሚረግፍ አስቀድሞ ይነግራል። ጉዳቱን ሳንጠይቀው ይገልጻል፤ የምንመለስበትንም ቀን ይቆርጣል። አንዳንድ ጊዜም «መድኃኒት አያስፈልግህም» ብሎ ያሰናብታል። «ምንም ጉዳት የለውም፤ በእርግጥ ያበቅላል» ከሚለው ሰው ግን ራቁ።

ይሁን እንጂ ታማኝ ሐኪም ዝም ያለውን ሊረዳ አይችልም። ስለ ሩካቤ መናገር በእኛ ዘንድ ነውር ስለሚመስል ብዙ ወጣት ጉዳቱን ተሸክሞ ይኖራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ተብሏል፤ የመድኃኒትን ጉዳት የደበቀም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ወንድሞች ሆይ፣ ክኒኑን ስትወስዱ ልባችሁ ከጨለመ ወዲያው አቁማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። እኛም በመላጣ ጓደኛችን ላይ መሣቁን እንተው፤ ወደ ስውር መድኃኒት የሚገፋው አንዱ ነገር ሣቃችን ነውና።