የአደጋ ጊዜ አመራርን በኦንላይን ማስተማር፦ ከካትሪና አንጻር

በዩናይትድ ስቴትስ የአደጋ ጊዜ አመራርና የአገር ውስጥ ደኅንነት በአንድ ዲግሪ ተጣምረው መሰጠታቸው የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2001ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሲቋቋም፣ በ1979 የተመሠረተው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ አመራር ኤጀንሲ (ፌማ) በ2003 በሥሩ ተጠቃለለ፤ ቀዳሚውን ትኩረትም ሽብር ያዘ። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የኒው ኦርሊየንስን የጎርፍ መከላከያዎች ሲያፈርስ ግን ማን ማንን እንደሚያዝ ግልጽ አለመሆኑ ታየ። ኮንግረስ በማግስቱ ዓመት የኤጀንሲውን ሥልጣን የሚያጠናክር ሕግ አወጣ።

ይህን በኦንላይን ማስተማር አያዳግትም። አከራካሪው ልምምዱ ነው። ከ1970ው የካሊፎርኒያ የደን ቃጠሎ በኋላ የተቀረጸው የአደጋ ዕዝ ሥርዓት፣ በተለምዶ አንድ ኃላፊ በቀጥታ የሚመራቸው ሰዎች ከ3 እስከ 7 እንዲሆኑ ይመክራል። የቁጥሩን ምክንያት ከንባብ መረዳት ይቻላል፤ ስምንተኛው ሰው በሬዲዮ ተጣርቶ መልስ የሚያጣበትን ቅጽበት ግን ንባብ አይተካውም።

በአንጻሩ የኦንላይን ተማሪው በሥራ ላይ ያለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወይም ነርስ ሊሆን ይችላል፤ መደበኛ ትምህርት እንዲህ ያለውን ሰው ከጣቢያው ይነጥለዋል። (ፌማም ነጻ ኮርሶችን በኦንላይን ይሰጣል።) ስለዚህ በእኔ እምነት ዲግሪው መመዘን ያለበት በአሰጣጡ መንገድ አይደለም። ተማሪው የሚኖርበትን አካባቢ የምላሽ ዕቅድ እንዲመረምር፣ ከዚያም ከአካባቢው መሥሪያ ቤቶች ጋር ቢያንስ አንድ በሰዓት የተገደበ ልምምድ እንዲመራ ያስገድዳል ወይ? ፈተናው ይኸው ነው።