ጽሕፈት ከየት ተነሣ? ፊደላትስ ስንት ዓይነት ናቸው?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን አንድ ጥያቄ ነው። እኛ የወጣት ክፍል አባላት እሑድ ከሰዓት በኋላ ማንበብ ለሚማሩ ጎልማሶች ፊደል እናስቆጥራለን። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት፣ በሰሌዳው ላይ የጻፍነውን «ዶሮው ይበላል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ቀስ ብለው አነበቡና፣ «ልጆቼ፣ ዶሮው እህሉን ይበላል ነው ወይስ ዶሮው ራሱ ተሠርቶ ይበላል?» ሲሉ ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ ፈጠን ብሎ፣ «እማማ፣ የእኛ ፊደል ምንም የሚጎድለው ነገር የለም፤ እንደ ተጻፈው ማንበብ ነው» አላቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ። እኛ ግን የሰጠነው መልስ፣ መልስ እንዳልሆነ ስለ ገባን፣ ስለ ዓለም ጽሕፈቶች የምናገኘውን ሁሉ እያነበብን ተወያየን። ያገኘነውንም በአጭሩ እናቀርባለን።

1. ጽሕፈት እንዴት ተጀመረ?

ብዙዎቻችን ጽሕፈት የተፈጠረው የነገሥታትን ታሪክ ወይም ጸሎትን ለመጻፍ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ጽሑፎች መካከል በመስጴጦምያ፣ ማለት በዛሬዋ ኢራቅ፣ በኡሩክ ከተማ የተገኙት የሸክላ ጽላቶች ይገኛሉ። የተጻፉትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3300 እና በ3000 መካከል ነው። በአብዛኛው የያዙት የገብስ፣ የቢራና የበግ ሒሳብ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጸሐፊ የጎተራ ሒሳብ ያዥ ነበር ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የነገሩን ሥዕል ይሥሉ ነበር፤ በኋላ ግን የሸምበቆ ጫፍ በርጥብ ጭቃ ላይ እየተጫኑ ስለ ጻፉ፣ ምልክቱ የሽብልቅ ቅርጽ ያዘ።

በግብፅም በዚያው ዘመን አካባቢ የሥዕል ጽሕፈት ተጀመረ። በቻይና አንያንግ በተባለው ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ በአጥንትና በኤሊ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ተገኝቷል። በመካከለኛው አሜሪካም ማያዎች የራሳቸው ጽሕፈት ነበራቸው። የቻይናውና የመካከለኛው አሜሪካው ከሌላ ሳይቀዳ በየራሱ እንደ ተፈጠረ ሊቃውንት ይናገራሉ።

2. የጽሕፈት ዓይነቶች

ሀ) የቃል ምልክት። ምሳሌው የቻይና ጽሕፈት ነው። እያንዳንዱ ምልክት ትርጉም አለው፤ ብዙዎቹም ትርጉምን የሚጠቁም አንድ ክፍልና ድምፅን የሚጠቁም ሌላ ክፍል አላቸው። ጋዜጣ ለማንበብ ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ ያህል ምልክት ማወቅ ያስፈልጋል።

ለ) የክፍለ ቃል ጽሕፈት። በዚህ «ካ» አንድ ምልክት፣ «ኪ» ሌላ ምልክት ነው፤ ሁለቱም በመልክ አይዛመዱም። የጃፓኖች ካና እንዲህ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሴኮያ የተባለ የቸሮኪ ሰው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል፣ እ.ኤ.አ. በ1821 ለሕዝቡ ቋንቋ ሰማንያ አምስት ያህል ፊደላት ያሉት ጽሕፈት አዘጋጀ። በ1828 ሕዝቡ በዚያ ፊደል ጋዜጣ ማተም ጀመረ።

ሐ) ተነባቢ ብቻ የሚጻፍበት። የፊንቄ ፊደል 22 ተነባቢዎች ነበሩት። ዕብራይስጥና ዐረብኛም የዚሁ ወገን ናቸው። በዐረብኛ ከ፣ ተ፣ በ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ያየ ሰው «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ)፣ ወይም «ኩቱብ» (መጻሕፍት) ብሎ ሊያነብ ይችላል። የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው።

መ) አልፋቤት። ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ምእት ዓመት ገደማ የፊንቄን ፊደል ወሰዱ። በቋንቋቸው ለማይገኙ ድምፆች የቆሙትን ፊደላት ደግሞ አናባቢ አደረጓቸው። የላቲኑ ፊደል ከዚህ መጣ።

ሠ) ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ፊደል የሚዋሐዱበት። የእኛ ፊደልና ሕንዶች ሂንዲን የሚጽፉበት ፊደል ከዚህ ወገን ናቸው። ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዚህ ዓይነት ጽሕፈት ስም ሲያወጣ፣ ልጆቻችን የሚቆጥሩትን «አቡጊዳ» የሚለውን ቃል ወሰደ። ዛሬ የሕንዱም ጽሕፈት በዓለም ሊቃውንት ዘንድ በዚህ ስም ይጠራል።

ረ) የአፍን ሁኔታ የሚያሳይ። የኮርያ ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1443 አዲስ ፊደል አዘጋጅቶ በ1446 አሳወጀ። ምክንያቱም የቻይናው ጽሕፈት ለተራው ሕዝብ ስለ ከበደ ነው። የመሠረታዊዎቹ ተነባቢዎች ቅርጽ ድምፁ ሲወጣ ምላስ፣ ከንፈርና ጉሮሮ የሚይዙትን መልክ ያሳያል።

3. የእኛስ ፊደል?

እ.ኤ.አ. በ1905 ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለ እንግሊዛዊ በሲና ምድረ በዳ፣ በሰራቢት ኤል ካዲም፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ያልታወቁ ምልክቶች አገኘ። ምልክቶቹ ሥዕል ናቸው፤ የሚነበበው ግን የሥዕሉ ስም የመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው። የቤት ሥዕል «በ»፣ የውሃ ሥዕል «መ»፣ የዐይን ሥዕል «ዐ» ሆነ። ከዚህ ዘር የፊንቄም የደቡብ ዐረብም ፊደል ወጣ።

አሁን የግዕዝ ፊደላትን ስም እናስታውስ፤ በ «ቤት»፣ መ «ማይ»፣ ረ «ርእስ»፣ ፈ «አፍ»፣ ዐ «ዐይን» ይባላሉ። ማይ በግዕዝ ውሃ ነው፤ ርእስም ራስ ነው። «ዐ» ዛሬም እንደ ዐይን ክብ መሆኑን ልብ በሉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ የሚጀምረው ተራም በሶርያ በኡጋሪት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ምእት ዓመት በተጻፈ የሸክላ ጽላት ላይ ተገኝቷል።

የደቡብ ዐረብ ፊደል 29 ተነባቢዎች ነበሩት፤ አናባቢ ግን አልነበረውም። የግዕዝም የጥንት ጽሑፍ እንዲሁ ነበር። በ4ኛው ምእት ዓመት፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ አናባቢን የሚያሳዩ ቅጥያዎች ያሏቸው ጽሑፎች በአክሱም ታዩ። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ ያን ጊዜ በድንጋይ ላይ ተነበበ። ቍጥሮቻችንም ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ናቸው። በኋላ ደግሞ አማርኛ ሲጻፍ ለድምፆቹ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ ተጨመሩ። ስለዚህ ፊደላችን አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ አይደለም፤ ለአንባቢው ያሰቡ ሰዎች በየዘመኑ የጎደለውን ሞልተውበታል።

4. ለእማማ ጥያቄ መልሱ

እንግዲህ ያጠፋነው ግልጽ ሆነልን። ፊደላችን ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ አይለይም። «አለ» ተናገረም ነው፣ አለም ነው፤ «ገና» በዓሉም ነው፣ ያልደረሰ ጊዜም ነው። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ዶሮው በላተኛ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ዶሮው ራሱ ወጥ ሆኖ ቀርቧል። በአንዳንድ መጻሕፍት ለሚጠብቀው ፊደል ከላይ ሁለት ነጥብ ይደረግለታል፤ በተለመደው ጽሑፍ ግን አይደረግም። ይህ የእኛ ነውር ብቻ አይደለም። ዐረብኛ አናባቢውን፣ የቻይናው ድምፁን፣ የእኛም ጥብቀቱን ለአንባቢው ይተዋል። ሁሉን የሚጽፍ ጽሕፈት አላገኘንም።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ እናታችን ቀርበን፣ «እማማ፣ ባለፈው የነገርንዎ ትክክል አልነበረም። ጥያቄዎ ልክ ነው፤ ፊደሉ አይለየውም። ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብበው፣ በሚያውቁት ቋንቋ ይፈርዱታል» አልናቸው። እርሳቸውም፣ «እኔ እኮ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ፣ ትምህርቱን ልተወው ነበር» አሉን።

ይህን ስንሰማ አፈርን። ፊደላችንን ያከበርን መስሎን፣ አንዲት ተማሪ ልናጣ ነበር። ፊደልን ማክበር እንከን የለውም ማለት ሳይሆን፣ ጠባዩን ዐውቆ ለሌላው በእውነት ማስተማር ነው። እኚህ እናት ዛሬ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ «ይበላል» ላይ ሲደርሱም ቆም ብለው የሚቀጥለውን ቃል ያያሉ።

ለውይይት፦
1ኛ. በአንድ ዓይነት ተጽፈው በመጥበቅና በመላላት የሚለዩ ሌሎች አምስት ቃላት ፈልጉ።
2ኛ. የዐረብኛ አንባቢ አናባቢውን፣ የአማርኛ አንባቢ ጥብቀቱን የሚያውቁት በምንድር ነው?
3ኛ. የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ ምን ትመልሳላችሁ?