የቴኒስ አሠልጣኝ ሲመረጥ ዋጋው ስንት ነው? ትምህርቱስ?

ጨርቅ የሚገዛ ነጋዴ ጣቃውን ሳይፈታ፣ በርበሬ የሚገዛ ከማዳበሪያው ሥር እፍኝ ዘግኖ ሳያይ፣ በሬ የሚገዛ ጥርሱን ሳይመረምር ገንዘብ አይቆጥርም። ይኸው ጠንቃቃ ገዢ ለራሱ ወይም ለልጁ የሜዳ ቴኒስ አሠልጣኝ ሲፈልግ ግን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ “በሰዓት ስንት ነው?” መልሱን ይሰማል፣ ጥቂት ይከራከራል፣ የአሥር ቀን ክፍያ በቅድሚያ ይሰጣል። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ኳሷን ከመረብ ማሻገር ሲያቅተው ጥፋቱ የልጁ ይመስለዋል።

የቴኒስ ትምህርት ገዢው ዓይቶ የማይመዝነው ዕቃ ነው። ጥራቱ የሚታወቀው ከተከፈለበት በኋላ ነው። ከዚህም በላይ የከፋው፣ መጥፎ ትምህርት ገንዘብ ይዞ ብቻ አይሄድም፤ ስህተት ጥሎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ እጅ የለመደውን የተሳሳተ አያያዝና አመታት ማስጣል ከባዶ ከመጀመር የበለጠ ሰዓት ይፈጃል፤ ለዚያም ሰዓት ሁለተኛ ይከፈላል። ስለዚህ ምርመራው ከክፍያ በፊት መሆን አለበት።

ከየት ይገኛል?

አሠልጣኞች የሚገኙት ሜዳ ባለበት ነው፤ በሆቴሎች፣ በማኅበርና በስፖርት ክለቦች። በኢትዮጵያ ቴኒስ ፌዴሬሽን በኩል ጠይቆ መረዳትም ይቻላል። ብዙ ሰው ግን አሠልጣኙን የሚያገኘው በር ላይ በተገኘ ሰው ጥቆማ ነው። ጠቋሚው ኮሚሽን የሚያገኝ ከሆነ ምክሩ የደላላ ምክር ነው። ድለላ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ደላላ ያመጣውን ዕቃ ገዢው ራሱ ማየቱ አይቀርም።

ከሁሉ የሚሻለው ጥቆማ ከነባር ተማሪ የሚገኘው ነው። ያውም በደንብ ከሚጫወተው ሳይሆን፣ ከስድስት ወር በፊት ምንም የማይችል ከነበረው። ጎበዙ ተጫዋች ሌላ ዘንድ ተምሮ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የጀማሪው ለውጥ ግን የአሠልጣኙ የሥራ ውጤት ነው።

ወረቀቱና እጁ

ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን አሠልጣኞችን በደረጃ የሚያስተምርበት ሥርዓት አለው። ደረጃ አንድ ጀማሪና መካከለኛ ተጫዋቾችን ለማሠልጠን፣ ደረጃ ሁለት ከፍ ያሉትን፣ ደረጃ ሦስት ደግሞ ለከፍተኛ ውድድር የሚዘጋጁትን ለማሠልጠን የታሰበ ነው። ገዢው የምስክር ወረቀቱን ለማየት መጠየቁ ስድብ አይደለም፤ ለጀማሪ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ደረጃ መሆኑን ማወቁም ከአላስፈላጊ ወጪ ያድነዋል።

ወረቀት ብቻውን ግን አያስተምርም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ኳስ እያቀበሉ፣ ጨዋታውን ከሜዳው ዳር የተማሩና በኋላ ጥሩ አሠልጣኝ የወጣቸው አሉ። በአንጻሩ ጨዋታ መቻልና ማስተማር መቻል ሁለት ሙያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰርቩን እያገሳ የሚያሳይ አሠልጣኝ ራሱን እያስተዋወቀ እንጂ ተማሪውን እያስተማረ አይደለም።

የአንዲት ምት ዋጋ

ነጋዴ የጅምላን ዋጋ ወደ ነጠላ መንዝሮ ያያል። የቴኒስ ሰዓትም እንዲሁ ሊመነዘር ይገባል፤ ነጠላው ተማሪው የሚመታት ኳስ ናት።

ለስሌት ያህል ሁለት አሠልጣኞችን ማነጻጸር ይቻላል። አንደኛው በሰዓት 600 ብር ይጠይቃል፤ 60 ኳስ የያዘ ቅርጫትና አንድ ኳስ አቀባይ አለው። ሁለተኛው 400 ብር ይጠይቃል፤ ያለው 12 ኳስ ሲሆን ለቃሚው ተማሪው ራሱ ነው። ከሰዓቱ 15 ደቂቃ ለገለጻና ለእረፍት ይቀነስ፤ 45 ደቂቃ ይቀራል። በየአምስት ሴኮንዱ አንድ ኳስ ቢሰጥ የመጀመሪያው ቅርጫት በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ለመልቀም አራት ደቂቃ ቢጨመር አንዱ ዙር ዘጠኝ ደቂቃ ነው። አምስት ዙር 300 ምት ይሆናል። የሁለተኛው 12 ኳስ በአንድ ደቂቃ ያልቅና መልቀሙ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል፤ አሥር ዙር 120 ምት ብቻ ነው።

እንግዲህ አንደኛው ዘንድ አንዲት ምት 2 ብር፣ ሁለተኛው ዘንድ 3 ብር ከ33 ሳንቲም ወጣች ማለት ነው። ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ተገኘ። የቡድን ትምህርትም በዚሁ ሚዛን ይታያል፤ በአንድ መስመር የተሰለፉ አራት ተማሪዎች 300ውን ምት ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ 75 ይደርሰዋል። ክፍያው ለነፍስ ወከፍ ከሩብ ካልበለጠ ተመጣጣኝ ነው፤ ግማሽ ከተጠየቀ ግን ማሰብ ያሻል።

ኳሱና የአዲስ አበባ ከፍታ

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የማያውቀው ጉዳይ አለ። የቴኒስ ሕግ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች ልዩ ኳስ ይፈቅዳል። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በስስ አየር ኳስ ብዙም ስለማትገታ ትፈጥናለች፤ በውስጧ የታመቀው አየርም ከውጭው ጋር ያለው ልዩነት ስለሚሰፋ ይበልጥ ትነጥራለች። ተራው ኳስ ከ254 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሳንቲ ሜትር እንዲነጥር የተወሰነ ሲሆን፣ የደጋው ኳስ ከ122 እስከ 135 ብቻ ነው።

በመሆኑም ከጣሳው ገና በወጣ የቆላ ኳስ የሚጀምር ተማሪ ኳሷ በየጊዜው ከሜዳ እየወጣች ራሱን ሰነፍ ነው ብሎ ይፈርዳል። ያረጀ ኳስ በቅርጫት ውስጥ መገኘቱም ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም፤ ጥቂት አየር የተነፈሰ ኳስ ለጀማሪ ሊመች ይችላል። ሙከራው ቀላል ነው፤ ኳሱን ከራስ ቁመት ላይ በሲሚንቶ ላይ መልቀቅ። የመውደቂያውን ግማሽ ያህል ከነጠረ ይበቃል። ጉልበት ላይ ሳይደርስ ከቀረ ግን ጊዜው ያለፈበት ነው። አሠልጣኙ ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሙያውን ይናገራል።

ተማሪው ልጅ ከሆነ

ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ዕድሜያቸው አሥርና ከዚያ በታች የሆኑ ሕፃናት ውድድር በተለመደው ቢጫ ኳስ እንዳይካሄድ ደንግጓል። ቀዩ ኳስ ከተለመደው 75 በመቶ፣ ብርቱካናማው 50 በመቶ፣ አረንጓዴው 25 በመቶ ያህል የዘገየ ነው። ሜዳውም ያጥራል፤ ሙሉው 23.77 ሜትር ሲሆን በቀዩ ኳስ 11 ሜትር ያህል፣ በብርቱካናማው 18 ሜትር ያህል ይበቃል። የስድስት ዓመት ልጅ የአዋቂ ራኬት አስይዞ ከሜዳው ጫፍ የሚያቆም አሠልጣኝ ይህን አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ቸል ብሏል። ወላጅ ትምህርቱን ተቀምጦ እንዲያይ የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ ድርድሩ እዚያው ያበቃል።

ለአዋቂም ቢሆን ጥሩ አሠልጣኝ ራኬት ከማስያዙ በፊት ስለ ጉልበት፣ ስለ ወገብና ስለ ደም ግፊት ይጠይቃል። ክርን ላይ ሕመም ሲጀምር “ይለመዳል” የሚል አሠልጣኝ የተማሪውን ክንድ በራሱ ገቢ እየለወጠ ነው።

አንድ ሰዓት ለናሙና፣ ከዚያም ውል

ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው አንድ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ሦስት ነገር ይታያል። አሠልጣኙ ከመረቡ አጠገብ በአጭር ርቀት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይወስዳል ወይ? በአንድ ጊዜ አንድ ስህተት ብቻ ያርማል ወይስ አምስቱን ይደረድራል? ተማሪው ከሚመታበት ጊዜ ይልቅ የሚያዳምጥበት ይበዛል ወይ?

ከተስማሙ በኋላ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ቃሉ በጽሑፍ ይስፈር። የሜዳው ኪራይ በማን ነው? የኳስ አቀባዩስ? ዝናብ ትምህርቱን ቢያቋርጥ ሰዓቱ ይተካል ወይስ ይቃጠላል? በሰኔ መጨረሻ ላይ የአሥር ቀን ክፍያ በቅድሚያ የሚከፍል ሰው ከክረምቱ ጋር ቁማር እየተጫወተ ነው። ተማሪው ቢቀር ስንት ሰዓት አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት? አሠልጣኙ ቢቀር ረዳቱን ይልካል ወይ? ረዳቱ የሚከፈለው የአሠልጣኙን ዋጋ ነው? ውድ ራኬት መግዛቱም አይቸኩልም፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በውሰት መጫወት ይቻላል።

ከናሙናው ሰዓት በኋላ ተማሪውን “ዛሬ ምን ተማርክ?” ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ ነገር ለይቶ ከተናገረ፣ ያንንም እጁን አንቀሳቅሶ ካሳየ፣ ሰዓቱ ዋጋ አውጥቷል። “ደክሞኛል” ብቻ ካለ ግን የተገዛው ላብ ነው፤ እሱ ደግሞ ሮጦም በነፃ ይገኛል።