ፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያንን እንዴት እንመልከት?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ሮማንቲክ የተባለው የሥነ ጥበብ ስልት በአውሮፓ በተስፋፋበት ወቅት፣ በመካከለኛው ዘመን ታንጸው የፈረሱ አብያተ ክርስቲያናትን የሚያሳዩ የኅትመት ሥዕሎች እጅግ ተወደው ነበር። ሠዓሊው በለሰለሰ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ይሥላል፤ ከዚያም ሥዕሉ በወረቀት ላይ ይታተማል። ባሮን ቴይለርና ሻርል ኖዲዬ ከ1820 ጀምሮ በፈረንሳይ ባሳተሟቸው ትልልቅ መጻሕፍት ውስጥ ከሚታዩት አንዱ በኖርማንዲ የሚገኘው የዡሚዬዥ ገዳም ነው። ተመልካቹ ጣሪያ አልባውን ሕንፃ እያየ በናፍቆት ይመሰጣል። ይሁን እንጂ ገዳሙን ያፈረሰው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ተሽጦ ድንጋዩ ለሌላ ግንባታ ተወስዷል። ሥዕሉ ውበቱን እንጂ ያፈረሰውን እጅ አያሳይም። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛም እንዲህ ያለ ፍርስራሽ አለን። ከጎንደር በስተ ደቡብ፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ጎርጎራ አጠገብ፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ያነጹት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ይገኛል፤ ቦታው ማርያም ግንብ ይባላል። የተቀረጸው ድንጋይ ጥበብ ያስደንቃል። ነገር ግን ማድነቅና ማዘን ብቻ አይበቃንም፤ ታሪኩንም መጠየቅ ይገባናል።

አባ ፔድሮ ፓኤዝ የአገሩን ቋንቋ ተምረው በትዕግሥት ያስተምሩ ነበር፤ በ1622 ዐረፉ። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ ግን ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ፣ ጥንታዊው ሥርዓትም እንዲለወጥ ጠየቁ። የዐፄ ሱስንዮስ ሥልጣንም ይህን ደገፈ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ ዐወጁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ።

ስለዚህ በዚህ ፍርስራሽ ፊት ስንቆም የጠፋውን ክብር በመናፈቅ ሳይሆን በትሕትና እንቁም። በግድ የተሰጠ እምነት፣ ግንቡ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በሰው ልብ ውስጥ መሠረት አይኖረውም። ሐዋርያው ጴጥሮስ ምእመናንን በሕያዋን ድንጋዮች መስሏቸዋል (1ጴጥ. 2፥5)፤ ሕያው ድንጋይ ደግሞ በፍቅር እንጂ በኃይል አይታነጽም።

ለውይይት፦
1. የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስናይ ምን እንጠይቅ?
2. ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ስለዚህ ታሪክ በምን መንፈስ እንነጋገር?