የአረጋውያን የዳሌ ስብራት፦ የትኛው ቀዶ ሕክምና ለማን?

በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ አረጋውያን የዳሌ ስብራትና ስለ ቀዶ ሕክምናው ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። ርዕሱን ያስመረጡኝ አያቴ ናቸው።

የቦሩ ሜዳ ክረምት መቼም ጭቃው አይጣል ነው። አያቴ ሐምሌ ላይ ከበረት ሲመለሱ አዳልጧቸው በጎናቸው ወደቁ። ስደርስ ግራ እግራቸው ከቀኙ አጥሮ፣ መርገጫቸው ወደ ውጭ ዞሮ አየሁት። ምልክቱን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ በገዛ አያት ላይ ሲያዩት ግን ሌላ ነው።

ወጌሻ ተጠራ። ይህ ሰው የወለቀ ትከሻ ሲመልስ በዓይኔ ስላየሁ አልንቀውም። የዳሌ መገጣጠሚያ ግን በወፍራም ጡንቻ የተሸፈነ ስለሆነ በሽምበቆና በጨርቅ ታስሮ አይያዝም። ጎረቤቱም «በዚህ ዕድሜ ምን ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል? ይተኙና ይሽራል» አለ። ደሴ በታክሲ ቅርብ ናት፤ እኛ ግን በክርክር ሁለት ቀን ፈጀን። አብዛኞቹ የሕክምና መመሪያዎች ቀዶ ሕክምናው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እንዲሠራ ይመክራሉ። ሽማግሌ አልጋ ላይ በዋለ ቁጥር የሳንባ ምች፣ የጀርባ ቁስልና በእግር ደም ሥር የሚረጋ ደም ይከተላሉ፤ ብዙዎችን የሚገድለውም ይኸው ነው። ቀዶ ሕክምናው በዋናነት የሚሠራው ታማሚው ቶሎ ከአልጋ እንዲነሣ ነው። «አርጅተዋልና ይተኙ» የሚለው ምክር ነገሩን ይገለብጠዋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ምርጫው የሚጀምረው ከራጁ ነው፤ አጥንቱ የት ላይ ተሰበረ? የጭን አጥንት ከላይ እንደ ኳስ የከበበ ራስ አለው፤ ከሥሩ አንገት፣ ከአንገቱ በታች ደግሞ ትሮካንተር የምንላቸው ጉብታዎች አሉ። ራሱ አብዛኛውን ደም የሚያገኘው በአንገቱ ላይ ሽቅብ ከሚወጡ ቀጫጭን ደም ሥሮች ነው። አንገቱ ተሰብሮ ከቦታው ከተንሸራተተ እነዚህ ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ራሱ ቦዩ እንደተዘጋበት ማሳ ነው። በብሎን ቢያያዝም ላይገጥም ወይም ራሱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በአረጋውያን ዘንድ ራሱ ወጥቶ በብረት ይተካል።

ምትኩ ሁለት ዓይነት ነው። በግማሽ ምትክ የዳሌው ጎድጓዳ እንዳለ ይቀራል፤ በሙሉ ምትክ ግን እሱም ይለወጣል። ሙሉው የተሻለ ይመስላል አይደል? እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ ጥናት 1,495 ሰዎችን ሁለት ዓመት ተከታትሎ፣ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና በማስፈለጉ በኩል በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ሙሉው ለእንቅስቃሴ ትንሽ ቢበልጥም ጊዜና ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ ከቤት ደጅ ብዙም ለማይርቅ ደካማ ሰው ግማሹ ይበቃል ባይ ነኝ። ከመሰበሩ በፊት ገበያ ወርዶ ለሚመለስ ብርቱ ሰው ግን ሙሉው ሊታሰብ ይገባል።

አንገቱ ተሰብሮ ካልተንሸራተተ በብሎን ማያያዝ ይበቃ ይሆናል። ስብራቱ ትሮካንተር ላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። እዚያ ደም ስለማይቸግር አጥንቱ ይገጥማል፤ እስኪገጥም የሚይዘው ነገር ነው የሚፈለገው። የተረጋጋ ስብራት በፕሌትና በተንሸራታች ብሎን ይያዛል፤ የተፈረካከሰው መቅኔው ውስጥ በሚገባ ዘንግ ቢያዝ ይሻላል። ችግሩ ይህ ሥራ በቀዶ ሕክምናው መሐል ራጅ የሚያሳየውን ሲ-አርም የተባለ መሣሪያ መፈለጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የተቋቋመው ሳይን የተባለ ድርጅት ያለዚህ መሣሪያ የሚገባ ዘንግ ሠርቷል፤ አገራችንም ውስጥ ይሠራበታል። መሣሪያውም ብረቱም ከሌለ የሚቀረው እግሩን በክብደት ስቦ ለሳምንታት ማስተኛት ነው፤ ይህም ወደ ሸሸነው አልጋ ይመልሰናል።

የአያቴ ስብራት አንገቱ ላይ ነበር፤ ተንሸራቷል። ዘመድ ደም ሰጠ፤ ከወገባቸው በታች ደንዝዘው ግማሽ ምትክ ተደረገላቸው። በማግሥቱ በዎከር ቆሙ። ሐኪሙን መጀመሪያ የጠየቁት ብረቱ በቦሩ ሜዳ ብርድ ይዝግ እንደሆነ ነበር። አይዝግም፤ ዝቅ ያለ ነገር ላይ ሲቀመጡ ግን ሊወልቅ ስለሚችል በርጩማ ለጥቂት ወራት ተከልክለዋል። አሁን ቡና የሚያፈሉት ከወንበር ላይ ነው፤ ረከቦቱም ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል።